ዓይን የሚሣለው መጨረሻ ነው

ልጃችን በሞተች በሰባተኛው ወር አንድ ፈረንጅ ሁለት የዓሣ ማጥመጃ ዘንግ አዘዘን። ነገሩን እንዲህ ደረቅ አድርጌ መጀመሬን አውቃለሁ። ያን ጊዜ የነበርኩት ሰውዬ ግን እንዲሁ ነበር፤ የተነገረውን ሰምቶ ወደ ሥራው የሚመለስ።

የምኖረው ከጊዮርጊስ ዝቅ ብሎ፣ ወደ አራዳ ገበያ በሚወስደው መንገድ ዳር፣ አንድ ክፍልና ጓዳ ባለው ቤት ውስጥ ነበር። ሰዓሊ ነኝ። ቤተ ክርስቲያን ሲሠራ ግድግዳ እሥላለሁ፤ በማይሠራበት ጊዜ ደግሞ ቅዱስ ጊዮርጊስንና ዘንዶውን በሸራ ላይ እየሣልኩ ለአራዳ ሱቆች አስረክባለሁ፤ ፈረንጆች ይገዙታል። ዘንዶውን ስንት ጊዜ እንደሣልኩት አላውቅም። ዓይኔን ጨፍኜ ልሥለው እችላለሁ፤ አንዳንዱንማ ሳየው በእውነት ጨፍኜ የሣልኩት ይመስለኛል።

ሥራችንን ለማያውቅ አንድ ነገር ልንገር። እኛ ዘንድ ጻድቅ ሲሣል ፊቱ ወደ ተመልካቹ ዞሮ፣ ሁለት ዓይኖቹ ቁልጭ ብለው ነው። ጋኔን፣ ከሃዲ፣ ሰማዕታትን የሚያሠቃይ ወታደር ግን በጎን ይሣላል፤ የሚታየው አንድ ዓይኑ ብቻ ነው። ፊደል ያልቆጠረ ምእመን እንኳ ግድግዳው ፊት ቆሞ የእግዚአብሔሩን ከሰይጣኑ የሚለየው በዚሁ ነው።

ልጃችን ከሞተች በኋላ ሁለት ዓይን መሣል ተውኩ። አስቤበት አይደለም። ከለቅሶው ተነሥቼ ሥራ እንደገባሁ የአንድ መልአክ ፊት ጀምሬ ነበር። ዓይኖቹን ለመሙላት ብሩሹን ሳነሣ ክንዴ እምቢ አለ። አልተንቀጠቀጠም፣ አላመመኝም፤ ዝም ብሎ አልሄድ አለ። አብሮኝ ለሚሠራው ጓደኛዬ “አንተ ጨርሰው” ብዬ እኔ ወደ ግድግዳው ግርጌ፣ ወደ ገሃነሙ ወረድኩ። ከዚያ ወዲያ ጻድቃኑን እሱ፣ አጋንንቱን እኔ ሆንን። “ሰይጣን ቀጠረህ እንዴ?” እያለ ይቀልድብኝ ነበር፤ እኔም አብሬው እስቃለሁ። መሳቅ አላቃተኝም።

ሰባት ዓመቷ ነበር። ክረምት መግቢያ ላይ ትኩሳት ያዛት፤ በሦስተኛው ቀን ሄደች። ቀብሯ ላይ አላለቀስኩም። ትዝ የሚለኝ ከፊቴ የቆመው ሰውዬ የጋቢው ጫፍ ጭቃ መንካቱና፣ ይህን ልንገረው አልንገረው እያልኩ መቆየቴ ነው። ሰዉ “ደንግጦ ነው፣ ይመጣለታል” አለ። አርባዋ ወጣ፣ አልመጣልኝም። እበላለሁ፣ እተኛለሁ፣ ሥራ እውላለሁ፤ ሁለመናዬ ግን ተኝተውበት እንዳደረ ክንድ ደንዝዞ ነበር። የኔ መሆኑን አውቃለሁ እንጂ አይሰማኝም።

ባለቤቴ የኔ ተቃራኒ ነበረች። አልቅሳ አልቅሳ ሲወጣላት ግን ሌላ ፍርሃት መጣባት።

“ፊቷ እየጠፋብኝ ነው” አለችኝ አንድ ጠዋት። “ድምጿን እሰማለሁ፤ ፊቷን ልይ ስል ይሸሸኛል። ይሣሉልኝ። ለሰው ሁሉ ይሥላሉ፤ ለእኔ አንድ ፊት ይሣሉልኝ።”

ፎቶግራፍ የላትም። ለፋሲካ አዲስ ቀሚስ አልብሰን አራዳ ካለው ፎቶ አንሺ ዘንድ እንወስዳታለን ብለን ነበር። ፋሲካው ደረሰ፣ ቀሚሱ አልደረሰም፤ ለዳግማ ትንሣኤ ይሁን አልን፤ ከዚያም ረሳነው። ሁለት ወር ሳይሞላ ሞተች።

“እሺ፣ አንድ ቀን” አልኳት። ከዚያ በኋላ በየሳምንቱ ትጠይቀኛለች፤ እኔም ቀለም አልቋል፣ ሰማዩ ጠቁሯል፣ ጾሙ ይውጣ እላለሁ። እውነተኛውን ምክንያት አልነገርኳትም። ክንዴ እምቢ አለኝ ተብሎ ለሚስት ምን ይባላል?

ፈረንጁ ሰዓት ጠጋኝ ነው። አራዳ ቁልቁለቱ ላይ ጠባብ ሱቅ ነበረው። በአገራችን ብዙ ዓመት ስለኖረ አማርኛ አሳምሮ ይናገራል፤ ሰው ሁሉ እንደ ፈረንጅ ወግ፣ አቶ ለማለት፣ ሙሴ እያለ ነው የሚጠራው። እሑድ እሑድ አዋሽ እየወረደ ዓሣ ያጠምዳል። የሚገርመው አይበላውም፤ ከያዘው በኋላ መልሶ ውሃው ውስጥ ይለቀዋል። አራዳ ይህን ሲሰማ ሆዱን ይዞ ሳቀ። “ሙሴ ዓሣውን የሚይዘው ስንት ሰዓት እንደሆነ ሊጠይቀው ነው” ይሉ ነበር።

አንድ ቀን ይህ ሰው በጨርቅ የተጠቀለለ ነገር ይዞ ቤቴ መጣ። አብሮት አንድ የማውቀው ቀርከሃ ሠሪ ነበር፤ ከወሊሶ ወዲያ ካለው አገር የመጣ ሙስሊም፣ ገበያው ጥግ ወንበርና ቅርጫት የሚሠራ። ሙሴ ጨርቁን መደቡ ላይ ፈታው። አዋሽ ላይ ትልቅ ዓሣ የሰበረበት የማጥመጃ ዘንግ ነው።

ዘንጉ እንደምናውቀው አንድ ወጥ እንጨት አይደለም። ቀርከሃው በቁመቱ ስድስት ቦታ ተሰንጥቆ፣ እያንዳንዱ ስንጥር በሦስት ማዕዘን ተፍቆ፣ መልሶ በሙጫ የተጣበቀ ነው። በናስ ቀለበት የሚገጣጠሙ ሦስት ክፍሎች አሉት። በክሩ ጫፍ መንጠቆ አለ፤ መንጠቆው ላይ ደግሞ ዝንብ እንዲመስል ላባ ታስሯል። ዓሣው ዝንብ መስሎት ይዘላል አለን።

“ምነው፣ ዝንብ ጠፍቶ ነው?” አለ ቀርከሃ ሠሪው።

ሙሴ አልሳቀም። ከሦስት ወር በኋላ ጠቅልሎ አገሩ ሊገባ ነው። ሁለት ዘንግ እንድንሠራለት ይፈልጋል፤ አንዱ ለራሱ፣ አንዱ ለወንድሙ፤ በዚህ አገር ቀርከሃ፣ በዚህ አገር እጅ። ከእጅ መያዣው በላይ ደግሞ ሥዕል ይኑረው አለ፤ የተረት ፍጥረት ሥዕል። የወንድሙ ላይ ክንፍ ያለው ዘንዶ። የራሱን ሊናገር ሲል ሽበታሙ ሰውዬ ልጅ መሰለኝ። በአገሩ ሐይቅ ውስጥ ከወገቧ በላይ ሴት፣ ከወገቧ በታች ዓሣ የሆነች አለች ይባላል። አጥማጆችን በጸጉሯ ጠልፋ ታሰጥማለች። እናቱ በሷ ታስፈራራው ነበር።

“እሷን ሣልልኝ። አስፈሪ ትሁን። ዘንጌ ላይ ራሷን ስታይ የኔ ሰው ነው ብላ ትተወኛለች” አለኝ።

ሰው የምታሰጥም ሴት። ጋኔን ናት ማለት ነው። በጎን ናት፤ አንድ ዓይን። ቀላል ሥራ ነው ብዬ እሺ አልኩ።

ሙሴ ሥራው በማግስቱ ይጀመራል ብሎ ሲጠብቅ ቀርከሃ ሠሪው አሥር ቀን ንክች አላደርግም አለ። ጨረቃዋ ገና እየሞላች ነው። ጨረቃ ስትሞላ የተቆረጠ ቀርከሃ ነቀዝ ይበላዋል፤ የሚቆረጠው ስትጎድል ነው። ሙሴ ከደረት ኪሱ ሰዓቱን አውጥቶ አየ።

“ሙሴ፣ የኔ ሰዓት ሰማይ ላይ ነው ያለው” አለው ቀርከሃ ሠሪው። “እሱን ደሞ ከፍተህ አታፈጥነውም።”

ጨረቃዋ ጎደለች፤ ቀርከሃው ካገሩ መጣ፤ ከምድጃ በላይ ጭስ ላይ ተሰቅሎ ሰነበተ። ቀርከሃ ሠሪው የተሰበረውን ዘንግ ፈልቶ በወረደ ውሃ ዘፍዝፎ ሙጫውን አላቀቀና ስድስቱን ስንጥር አንድ በአንድ እያገላበጠ አጠና። ሥራ በሌለኝ ቀን ደጁ ላይ ቁጭ ብዬ አየዋለሁ። ስንጥሩን በቢላ ሲፍቅ ትንፋሹን ይይዛል። ከሚፈለገው ሁልጊዜ አንድ ትርፍ ክፍል ይሠራል። ለምን እንደሆነ ብጠይቀው “አንዱ ይሰበራላ” አለኝ።

“ካልተሰበረስ?”

“አልሐምዱሊላህ ነዋ! ለጎረቤት ዱላ ይሆናል።”

አንድ ቀን እንዲሁ ቁጭ እንዳልኩ፣ ዓይኑን ከቢላው ሳያነሣ “አለቃ፣ ስንት ልጆች አሉህ?” አለኝ። አለቃ አይደለሁም፤ የሾመኝ እሱ ነው።

“ልጅ የለኝም” አልኩት።

እሱም “አላህ ይስጥህ” ብሎ መፋቁን ቀጠለ። እኔ ምን እንደሚሰማኝ ጠበቅኩ። ምንም። የተናገርኩት ውሸት ይሁን እውነት እንኳ መለየት አልቻልኩም። ትንሽ ቆይቼ ተነሥቼ ወደ ቤቴ ሄድኩ።

ዘንጎቹ ሊያልቁ ሲቃረቡ መያዣ ያለባቸው ሁለት ክፍሎች ለእኔ መጡ። ከወይራው መያዣ በላይ አራት ጣት የሚሆን ስስ ብራና ተለጥፎባቸዋል፤ ሥዕሉ እዚያ ላይ ነው። ዘንዶውን ባንድ ከሰዓት በኋላ ጨረስኩት። የውሃዋ ሴት ሁለት ቀን ወሰደች። ቅርፊቷን አረንጓዴ አደረግኩ፣ ጸጉሯን ዘንጉ ላይ ጠመጠምኩ። ዓይኗን መጨረሻ ሣልኩ። ያስተማሩኝ መምህር ዓይን የሚሣለው መጨረሻ ነው ይሉ ነበር፤ አንዴ ዓይኑ ካየህ በኋላ ሥዕሉን መነካካት ነውር ነው ይላሉ።

ሙሴ ሊያይ መጥቶ እጁን አጨበጨበ። “እሷ ናት! እናቴ የምትለኝ እሷ ናት!” አለ። የቀረው ቫርኒሽ መቀባት ብቻ ነበር። በማግስቱ ጠዋት መጥቶ ሊወስድ፣ በሦስተኛው ቀን በባቡር ሊሄድ ተነጋገርን። ሥዕሎቹን መደቡ ላይ አስቀምጬ ቫርኒሽ ልገዛ ወጣሁ።

ስመለስ ባለቤቴ የሙሴን ዘንግ ክፍል ጭኗ ላይ አድርጋ መሬት ተቀምጣለች።

“ይህች ማናት?”

“የፈረንጁ የውሃ ጋኔን።”

“ከንፈሯን እይ” አለችኝ።

አየሁ። የታችኛው ከንፈር ወደ ፊት ተገፍቷል። ልጃችን ደጅ አትወጪም ስትባል እንዲህ ታደርግ ነበር። የአፍንጫዋ ጫፍ ትንሽ ሽቅብ ያለ ነው። ከዚያ ጆሮዋን አየሁት። ጆሮዋ በተበሳ ጊዜ ቀዳዳው እንዳይደፈን እናቷ የስንደዶ ቁራጭ ሰክታላት ነበር፤ በዚያው እንደተሰካ ሞተች። የውሃዋ ሴት ጆሮ ላይ፣ ከጤፍ ቅንጣት የማትበልጥ፣ ቢጫ ስንደዶ አለች። የሣልኳት እኔ ነኝ። መቼ እንደሣልኳት አላውቅም።

“ስንት ወር ለምኜህ ለኔ ያልሣልካትን ለፈረንጅ ሣልካት” አለች። በትዳራችን አንቱ ሳትለኝ ቀርታ አታውቅም። “እሱስ ይሁን፣ ግድ የለም። ግን ባንድ ዓይን? ልጄን ከአጋንንት ደመርካት?”

“አላወቅኩም” አልኩ።

“ተጠምቃለች። ቆርባለች። ሁለት ዓይን አላት።”

አልጮኸችም። ተነሥታ የብራና መፋቂያ ቢላዬን ከሳጥኑ አወጣችና ፊቴ አስቀመጠችው። ብራና ደጉ ነገሩ፣ ያጠፉበትን ፍቆ እንደገና መሥራት ይቻላል። ግን ያቺ የጣት ጥፍር የምታህል ፊት በዓለም ላይ ያለችን የልጃችን ፊት እሷ ብቻ ነበረች፤ ሁለታችንም ይህን እናውቃለን።

“ከፋቅኩት ደግሞ ላይወጣልኝ ይችላል” አልኳት።

“እዚያ ከምትቀመጥ ትጥፋ” አለች።

ፋቅኩት። ብናኙ ሲወርድ ባለቤቴ መዳፏን ከሥሩ ዘርግታ ተቀበለችው።

ከዚያ ፊቷን ወደ እኛ አዙሬ እንደገና ጀመርኩ። ከንፈሩ መጣ፣ አፍንጫው መጣ፣ ስንደዶዋ መጣች። ሁለቱ ዓይኖች ባዶ ቀሩ። ብሩሹን አነሣሁ፤ ክንዴ እምቢ አለ። ብዙ ቆየሁ። ባለቤቴ ክንዴን እያየች ነው።

“ከሞተች ጀምሮ እንዲህ ነው” አልኳት። “ዓይን ላይ ስደርስ አልሄድ ይለኛል። ያልሣልኩልሽ ለዚህ ነው።”

ቀረብ ብላ ተቀመጠችና፣ ለእኔ ሳይሆን ለሥዕሉ እንደምትናገር ሆና፣ “ቀኙ አነስ ይላል” አለች። “እንቅልፍ ሲመጣባት ቀድሞ የሚከደነው ቀኙ ነው።”

ረስቼው ነበር። “ቀኙ ስትዪ በሷ ቀኝ ነው ወይስ በኛ?” አልኳት፤ ደንበኛ እንደሚጠየቅ።

“በሷ። ፊት ለፊት ሲያዩዋት በግራዎ በኩል።”

የሥራ ጥያቄ ነበርና እጄ ሄደ። መጀመሪያ ግራውን ሣልኩ፣ ከዚያ ቀኙን፣ የላይኛውን ሽፋን ትንሽ አውርጄ። ብሩሹን ሳስቀምጥ ልጃችን ታየን ነበር። ባለቤቴ “እጅዎን ይባርከው” አለች። እኔ አሁን ይሰማኛል ብዬ ጠበቅኩ። አልተሰማኝም፤ ደክሞኝ ብቻ ነበር።

ሙሴ ነገ ይወስዳታል። ይህን ሁለታችንም አንሥተን አልተነጋገርንበትም። ትእዛዝ ትእዛዝ ነው፤ የሌላ ሰው የሦስት ወር ድካም ያለበት ዘንግ ነው፤ ትርፍ ስለተሠራው ክፍል ደግሞ ጨርሶ ትዝ አላለኝም። ባለቤቴ ያን ቀን ሥራ አልሠራችም። ፊት ለፊቷ ተቀምጣ፣ ዳዊት እንደሚያጠና ሰው፣ ዓይኗን ጨፈን አድርጋ ትሞክራለች፤ ከዚያ ገልጣ ታያለች፤ እንደገና ትጨፍናለች።

በማግስቱ ጠዋት ሙሴና ቀርከሃ ሠሪው መጡ። ሙሴ የወንድሙን ዘንግ ገጣጥሞ በአየር ላይ ወዝወዝ አደረገው፤ ጫፉ እንደ አለንጋ ጮኸ፤ ደስ አለው። ከዚያ የራሱን አነሣ።

“የት ሄደች?” አለ።

“ቀየርኳት” አልኩ። የሚቆጣ መስሎኝ ነበር፤ መቆጣትም መብቱ ነው። ባለቤቴ ከጓዳው መግቢያ ላይ አንገቷን ደፍታ ቆማለች።

ሙሴ ዘንጉን ይዞ ወደ በሩ ብርሃን ወጣ። ኪሱ ውስጥ ያለችውን የሰዓት ጠጋኝ ማጉያ መስተዋት ዓይኑ ላይ ደቅኖ፣ የደንበኛ ሰዓት እንደሚመረምር፣ ብዙ ጊዜ አያት። የልጃችንን ነገር ማንም አልነገረውም።

“ይህች ጋኔን አይደለችም” አለ መጨረሻ ላይ። “ልጅ ናት። ደግሞ እንቅልፏ መጥቷል። እይ፣ ይሄኛው ዓይኗ ሊከደን ነው።” መስተዋቱን ከዓይኑ አነሣ። “እኔ ከጠዋት እስከ ማታ ቀዝቃዛ ውሃ ውስጥ ነው የምቆመው። የምትተኛ ልጅ ይዤ ወንዝ አልወርድም። ቤቷ ትቅር።”

ሥዕሉ ያለበትን ክፍል ለእኔ አልሰጠኝም። ሄዶ ለባለቤቴ ሰጣት። ለምን ለእሷ እንደሰጣት እስከ ዛሬ አላውቅም።

ቀርከሃ ሠሪው ሥዕሏን አየ፣ ባለቤቴን አየ፣ ከዚያ እኔን አየ። “ትርፍ ክፍል አለኝ” አለ ለሙሴ። “ለማታ መያዣ እገጥምለታለሁ። ሥዕል ግን አይኖረውም።”

“ይሁን” አለ ሙሴ፤ ባርኔጣውን አንሥቶ ወጣ።

ቀርከሃ ሠሪው ሊከተለው ብሎ በሩ ላይ ቆመ። ጠጋ ብሎ፣ ድምጹን ዝቅ አድርጎ “አለቃ፣ ስንት ልጆች አሉህ?” አለኝ።

“አንድ” አልኩት። “አንዲት ሴት ልጅ።”

ትከሻዬን ነካ አድርጎኝ ሄደ። ተኝተውበት የደነዘዘ ክንድ ደም ሲመለስበት እንዴት እንደሚያም ሁሉም ሰው ያውቃል። እንደዚያ አመመኝ፤ ከደረቴ ጀመረኝና ጉልበቴ ድረስ ወረደ። መደቡን ይዤ ተቀመጥኩና እንደ ሕፃን ጮክ ብዬ አለቀስኩ፤ ጎረቤት ሳይሰማኝ አልቀረም።

ባለቤቴ ያቺን ክንድ የምታህል ቀርከሃ ልጃችን ትተኛበት የነበረው የመደቡ ጥግ ላይ አጋደመቻት። ነጠላዋን አውልቃ እስከ አገጯ ድረስ አለበሰቻት። ከዚያ መጥታ አጠገቤ ተቀመጠች፤ እጄንም ያዘችኝ።

“ቀስ ብለው ያልቅሱ” አለችኝ። “ልጅቷ ተኝታለች።”